ራጄን ለተፎካካሪዬ ላሳይ? ስለ ጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች የጥናት ቡድን ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን ከተማ ክሊኒክ ያለኝ የጥርስ ሐኪም ስሆን፣ የሙያ ባልደረቦች በየወሩ እየተገናኙ የሚመክሩበት የጥናት ቡድን አባል ነኝ። በሰሜን ሸዋ ከተሞች የሚሠሩ ባልደረቦች ስለዚሁ አሠራር ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሥልጠናም የሙያ ማኅበርም እያለ ሌላ ስብሰባ ለምን ያስፈልገናል?

በሥልጠና ላይ አንዱ ያስተምራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ የሙያ ማኅበርም የሙያውን ደረጃና የአባላቱን መብት የሚያስጠብቅ ሰፊ ተቋም ነው። የጥናት ቡድን ግን ከዐሥር የማይበልጡ ባለሙያዎች በእጃቸው ያለውን የታካሚ ጉዳይ ከነራጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» የሚባባሉበት ክበብ ነው። ሙያችን ራሱ ወደ ዘመናዊ መልኩ የተሸጋገረው ከእጅ ጥበብ ምስጢርነት ሲወጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 በአሜሪካ የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና መጽሔት ታተመ፤ በ1840 ደግሞ ሆራስ ሃይደንና ቻፒን ሃሪስ በባልቲሞር የመጀመሪያውን የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት የሐኪሞቹ ማኅበርም ተመሠረተ። ከዚያ በፊት ሙያውን የተማረ ሰው በአብዛኛው ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ፣ ያ ባለሙያ ሊያሳየው የወደደውን ብቻ ያየ ነበር።

ጥያቄ፦ በአንዲት ከተማ ሦስትና አራት ክሊኒክ ሆነን ያንኑ ታካሚ እንሻማለን። ታዲያ የማውቀውን ለተፎካካሪዬ የማስተምረው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በየቦታው ይነሳል፤ የሚነሳበትም ምክንያት አለው። ነገር ግን ታካሚው ከእኛ እጅ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ እናስተውል። ሩት ካናል (የጥርስን ሥር ቦይ አጽድቶ መሙላት) ወይም የጥርስ ድልድይ (የጎደለን ጥርስ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር አያይዞ መተካት) የሚያስፈልገው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ብዙውን ጊዜ ማልዶ አውቶቡስ ይሳፈርና 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይታከማል። የቀረውና ቁጥሩ የሚበዛው ደግሞ የትም አይሄድም፤ ቅርንፉድ ነክሶ ይሰነብትና ሕመሙ ሲጠናበት «ንቀሉልኝ» ብሎ ይመጣል። ጎረቤት ክሊኒክ ከእነዚህ ሁለት ወገኖች የሚወስድብን በጣም ጥቂቱን ነው። ታካሚው አዲስ አበባን የሚመርጠው እዚህ ችሎታ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ እኛው ራሳችን ማን ምን አሳምሮ እንደሚሠራ ስለማንተዋወቅ «ይህን የሚሠራልህ እገሌ ነው» ብለን በልበ ሙሉነት ልንነግረው ስለማንችልም ነው።

የባልደረባን ሥራ ሳያዩ ታካሚን ወደ እርሱ መላክ ያስፈራል፤ ራጁን ደጋግሞ ያየ ሰው ግን አይፈራም። በቡድናችን ያለው ደንብ አጭር ነው፤ የተላከ ታካሚ ለተላከበት ጉዳይ ብቻ ታክሞ፣ የተሠራለትን ከሚገልጽ ወረቀት ጋር ወደ ላከው ክሊኒክ ይመለሳል። ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ የሚልክለት አያገኝም፤ ስለዚህ ሌላ ቅጣት ማበጀት አላስፈለገንም።

ጥያቄ፦ መልካም፣ ግን ገቢዬ በምን በኩል ያድጋል?

አንደኛው መንገድ ከላይ ያነሳሁት መላላክ ነው። ሁለተኛውና በእኔ ግምት የሚበልጠው፣ ድጋሚ ሥራ መቀነሱ ነው። ሩት ካናል የተሠራለት ሰው ሕመሙ አልለቀው ብሎ ሲመለስ ወንበሩን ያለ ክፍያ ይይዛል፤ ቅሬታውንም ለዘመድ ለጎረቤት ያወራል፤ በእንደኛ ዓይነት ከተማ ደግሞ ወሬ ከማስታወቂያ ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ቡድን ፊት ሲቀርብ የሚሆነውን ልግለጽ። ራጁ ላይ የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ይታያል፤ ሦስት ቦዮች እስከ ጫፋቸው አምረው ተሞልተዋል፤ ሐኪሙም ሥራው እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ለምን እንዳልቆመ ግራ ተጋብቷል። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ባልደረባ ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ «አራተኛውን ፈልገኸዋል?» ይላል። በዚህ ጥርስ የፊተኛው የጉንጭ ወገን ሥር ላይ ሁለተኛ ቦይ መኖሩ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ የቦዩ አፍ ጠባብና በዴንቲን (ከጥርሱ የላይኛው ሽፋን ሥር ባለው ጠንካራ አካል) የተሸፈነ በመሆኑ ያለ ጥሩ ብርሃንና ማጉያ መነጽር በቀላሉ ይታለፋል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ሆኖም በባልደረባ ራጅ ላይ ያዩት ነገር ለፈተና ካጠኑት ይልቅ በነጋታው ወንበሩ አጠገብ ትዝ ይላል።

ሦስተኛው መንገድ የጋራ ግዢ ነው። አንድ አነስተኛ ክሊኒክ ብቻውን የገዛው ኮምፖዚት (የጥርስ መሙያ) ሳያልቅ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል፤ አራት ክሊኒኮች በጋራ ገዝተው ሲካፈሉት ግን ኪሳራው ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዕቃ በጋራ መግዛትና የሕክምና ዋጋ በጋራ መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተፎካካሪዎች ዋጋ ተስማምተው እንዳይወስኑ የንግድ ውድድር ሕጋችን ስለሚከለክል፣ የዋጋ ወሬ ከቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ጨርሶ ይነሳ።

ጥያቄ፦ እኛ ደገኞችና የቆላዎቹ ባልደረቦቻችን ተሰባስበን ምን የምንማማረው አዲስ ነገር ይኖራል? የጥርስ በሽታው እንደሆነ ያው ነው።

በሽታው ያው ቢሆንም አየሩ ያው አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ በደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በየትም ቦታ ቢሆን መሣሪያ መቀቀል ማምከን (ጀርምን ሙሉ በሙሉ መግደል) አይደለም፤ በደጋ ግን ይብስበታል። ይበልጥ የሚያሳስበው የግፊት መለኪያውን በዓይን እያየን የምንሠራበት አሮጌው አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን መሣሪያ) ነው። መለኪያው የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር የሚበልጠውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ የሚሰጠው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በደብረ ብርሃን የሚሰጠው ወደ 116 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ነው። 121 ዲግሪ ለማግኘት መለኪያው 19 ፒኤስአይ ገደማ ማሳየት አለበት፤ መሣሪያው ያንን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን ግን ከመመሪያው ወይም ከጠጋኙ አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው። ሙቀቱን በራሱ ለክቶ የሚያስተካክል አዲስ አውቶክሌቭ ያለው ሰው ይህ ጉዳይ አያሰጋውም። በሁለቱም ዓይነት ግን እርግጠኛ የሚያደርገው የስፖር ምርመራ ነው፤ ጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ የተባለውን ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ስፖር ከመሣሪያዎቹ ጋር አስገብቶ መሞት አለመሞቱን ማየት ማለት ነው። የሸዋ ሮቢትና የደብረ ብርሃን ባለሙያዎች የማምከኛ መዝገባቸውን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ እንዲህ ያለው ልዩነት ይገለጣል፤ እያንዳንዱ በየክሊኒኩ ተቀምጦ ግን አይታየውም።

ጥያቄ፦ እኔ ዴንታል ቴራፒስት (ከሐኪም በታች ባለ ደረጃ የሠለጠንኩ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ) ነኝ። ከሐኪሞች ጋር መቀመጥ ይፈቀድልኛል?

እንዲያውም ይገባዎታል፣ እኅቴ። በወረዳ ከተሞች ሕመምተኛውን በመጀመሪያ የሚያዩት በአብዛኛው እርስዎን የመሰሉ ባለሙያዎች ናቸው። በሥራ ድርሻ ብንለያይም ስለ ማደንዘዣ መጠን፣ ስለ ማምከን፣ «ግግ ነው» ብሎ የሕፃናትን ገና ያልበቀለ ጥርስ ስለማስወጣቱ ጎጂ ልማድ የምንነጋገረው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የታካሚውን ምስጢርስ እንዴት እንጠብቃለን?

ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩና ፊቱ አይታዩ፤ ፈቃዱም አስቀድሞ ይጠየቅ። ትንሽ ከተማ ውስጥ «የእገሌ ሰፈር መምህር» ማለት ስም ከመጥራት ስለማይለይ፣ ሥራውንና ሰፈሩንም ማንሳት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምሠራው። በየወሩ ደብረ ብርሃን መውረድ አልችልም፤ ቴሌግራም አይበቃም?

ለአስቸኳይ ምክር ይበቃል፤ ራጅ በስልክ አንስቶ ልኮ በዚያው ሰዓት መልስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ያልተሳካ ሥራን ግን ሰው ፊት ለፊት ለሚያውቃቸው ባልደረቦቹ ካልሆነ በቀር አያወጣም፤ በጽሑፍ የቀረበ ትችትም ከታሰበው በላይ ይመርራል። ስለዚህ በዓመት የተወሰነ ጊዜ በአካል ይገናኙ፤ ቦታውም ይዘዋወር፤ ሁልጊዜ የሚጓዘው የመንዙ ሰው ብቻ ከሆነ ቡድኑ የደብረ ብርሃን ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ለሙያ ፈቃድ እድሳት ይቆጠርልናል?

ለእድሳት የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት የሚቆጠረው ዕውቅና ባለው ሰጪ ተቋም በኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ ቡድኑ ከእንዲህ ያለ ተቋም ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በራሱ የሰጠውን ወረቀት ይዞ ቢሄድ አይቀበሉትም።

ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ጀምረን ፈረሰብን። ምን አጥፍተን ይሆን?

ዝርዝሩን ባላውቅም እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዛት የሚፈርሱት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጠው ሰው ስብሰባውን ወደ መማሪያ ክፍል ይለውጠዋል፤ ታናናሾቹም ለአክብሮት ሲሉ ዝም ይላሉ፤ ዝም ያለም ሰው ቀስ በቀስ ይቀራል። መድኃኒቱ አንጋፋው ራሱ ያልተሳካለትን ጉዳይ በመጀመሪያው ስብሰባ ማቅረቡ ነው፤ ከእርሱ በኋላ ማንም አያፍርም። ሁለተኛው፣ የዕቃ አቅራቢ ምሳ ጋብዞ መድረኩን መያዙ ነው፤ ምሳው ባይከፋም፣ የአንድ ኩባንያ ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) እየተሸጠ ባለበት ክፍል ውስጥ ያ ኢምፕላንት የከሸፈበትን ራጅ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው አይገኝም። የምሳውን ሒሳብ ራሳችሁ አዋጡ።