ኢንጅኑ «እኩል ነው» ሲል ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቼዝ በጥቁር ስጫወት ናይዶርፍ ሲሲሊያን በሚባለው አከፋፈት ውስጥ ያለውን «የተመረዘ ወታደር» የተባለ መስመር እወዳለሁ። ንግሥቴን ልኬ ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር እበላለሁ። ስልኬ ላይ ያለው ስቶክፊሽ የተባለ ኢንጅን (ቼዝ የሚያሰላ ፕሮግራም) 0.00፣ ማለትም እኩል ነው፣ ይለኛል። ታዲያ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምሸነፈው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እኩል የሆነውማ ለስቶክፊሽ ነዋ! በዚህ መስመር ያ ዜሮ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነጭ መኮንኖቹን ሰውቶ፣ ንጉሥህን መሀል ሜዳ አውጥቶ፣ በተከታታይ ቼክ አቻ ሲወጣ ነው። አንተ መሀል ላይ አንዲት እርምጃ ከሳትክ አቻው ማት ይሆናል።

ቅንብሩ ውስጥ ግባና ኢንጅኑ ሦስት አማራጭ መስመር እንዲያሳይህ አድርግ። ተራው ያንተ ሲሆን የመጀመሪያው ምርጫ 0.00፣ ሁለተኛው +3.50 ካለ (መደመር ለነጭ ነው) ያለህ መውጫ አንድ ብቻ ነው። ተራው የነጭ ሲሆን ደግሞ ሦስቱም ዜሮ አካባቢ ከሆኑ፣ እሱ ያሻውን ቢጫወት አይጎዳም። እንዲህ ያለ ቦታ አራት አምስት ጊዜ ከተደራረበብህ ወይ መስመሩን በቃልህ ያዘው፣ ወይ ተወው። ሰዓት እየቆጠረብህ የምታገኘው ነገር አይደለም።

ደግሞ ሁለት ሰከንድ አይተህ አትፍረድ። መስመሩን ጥቂት እርምጃ ወደፊት ግፋና እዚያ አቆየው፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መልሰው። ኢንጅኑ ያሰላውን በማስታወሻው ስለሚይዝ፣ ቀድሞ በልበ ሙሉነት የሰጠህን ቁጥር ሲያጥፍ ታያለህ።

እ.ኤ.አ. በ1972 አይስላንድ፣ ሬይክጃቪክ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮናው 11ኛ ጨዋታ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርም በጥቁር ሲጫወት ይህንኑ ወታደር በልቷል። ተጋጣሚው የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪ በ14ኛው እርምጃ ሲ3 ላይ የነበረውን ፈረስ ወደ ቢ1፣ ወደ ተነሣበት ቤት መለሰው። ለማጥቃት የሚሯሯጥ ሰው ፈረሱን ወደ ኋላ! የፊሸር ንግሥት በኋላ መውጫ አጥታ ተያዘች፤ በ31ኛው እርምጃ ጨዋታው አለቀ። ፈረሱ ወደ ቢ1 የተመለሰበትን ቦታ ሰሌዳ ላይ ደርድርና የጥቁርን መልስ መጀመሪያ ራስህ ፈልግ፤ ኢንጅኑን የምትከፍተው መልስህን ወረቀት ላይ ከጻፍክ በኋላ ነው።

ውድድር ከደረሰብህ ግን ለጊዜው ቢ2ን እርሳው። በ7ኛው እርምጃ ቢሾፕህን ኢ7 ላይ አስቀምጥ፤ እሱም ሹል ጨዋታ ነው፣ ንጉሥህ ግን ትንሽ ይተነፍሳል።