«ዋይክሌፍ ዣን የሄደበት መንገድ ለእኔም ይሆናል?»

ጠያቂያችን የ21 ዓመት ወጣት ነው፤ በ13 ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ሙዚቀኛው ዋይክሌፍ ዣን የካሪቢያንን ድምፅ ከሂፕ ሆፕ ጋር እንዳዋሃደ እሱም ትዝታንና ጭክጭካን ከሂፕ ሆፕ ጋር ማዋሃድ ይፈልጋል። ትምህርቱን አቋርጦ ያጠራቀመውን 4,000 ዶላር ለስቱዲዮ ኪራይ ቢያውለው ያዋጣው እንደሆነ ጠይቆናል።

ወንድማችን፣ ኮሌጁን አታቋርጥ። ገንዘቡንም ለኪራይ አታውጣው። ይህን የምንልህ ከራሱ ከዋይክሌፍ ጉዞ ተነስተን ነው።

ዋይክሌፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ሄይቲ ተወልዶ በ9 ዓመቱ ብሩክሊን ገባ፤ ያደገው ግን በአብዛኛው ኒው ጀርሲ ነው። አባቱ ፓስተር ስለነበሩ ሙዚቃን ከቤተ ክርስቲያን ጀመረ። ከሎሪን ሂልና ከፕራስ ጋር የመሠረቱት ፉጂስ የተባለው ቡድን በ1994 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም እምብዛም አልተሸጠም። ለሁለተኛው አልበም ቅድሚያ ክፍያ ሲሰጣቸው ሰዓት በሚቆጥር ስቱዲዮ አልጨረሱትም፤ የቀረጻ ዕቃ ገዝተው ኢስት ኦሬንጅ በሚገኘው የአጎቱ ቤት ምድር ቤት ተከሉት። በ1996 የወጣው «ዘ ስኮር» የተሠራው እዚያ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ሁለት ግራሚ አገኘ። አንድን ቅንብር ደጋግሞ ለማፍረስና እንደገና ለመሥራት ጊዜ የሰጣቸው የራሳቸው ክፍል ነበር። አንተ የሚያስፈልግህ ይህ ነው፤ ትንሽ ክፍል ደግሞ ከትምህርት ጋር አብሮ ይሄዳል።

ባለሁለት መግቢያ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) ከ150 እስከ 200 ዶላር፣ ደህና ዳይናሚክ ማይክ ወደ 100፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ከ100 እስከ 150፣ ሪፐር የተባለው የመቅጃ ሶፍትዌር ለግል ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው። ከገመድና ከማቆሚያ ጋር ከ600 ብዙ አይርቅም። ልብስ የሞላበት ቁም ሳጥን ፊት ቆመህ ብትቀዳ ባዶ ሳሎን ውስጥ ከመቅዳት በብዙ ይሻላል፤ የባዶ ግድግዳ ማስተጋባት አንዴ ድምፅህ ላይ ከገባ በሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች በማመጣጠን) አይወጣም። የተረፈውን ገንዘብ ለክራርና ለማሲንቆ ተጫዋቾች፣ ለሦስት ዘፈኖች ሚክሲንግና ማስተሪንግ (ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ማስተካከያ) አስቀምጠው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ካሪቢያን ለሂፕ ሆፕ እንግዳ አይደለም። በ1973 ብሮንክስ ውስጥ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን የዘፈን ክፍል በሁለት ማጫወቻ እያራዘመ ያስጨፈረው ዲጄ ኩል ሄርክ ከኪንግስተን፣ ጃማይካ የሄደ ልጅ ነበር። ያም ሆኖ ሁለቱን ዝም ብሎ መደራረብ አይሠራም። የሬጌው «ዋን ድሮፕ» የተባለው አመታት የመጀመሪያውን ምት ባዶ ትቶ ኪኩን (ወፍራሙን ከበሮ) እና ስኔሩን (ሹል ድምፅ ያለውን ከበሮ) ሦስተኛው ላይ አንድ ላይ ይጥላል። ሂፕ ሆፕ ግን ኪኩን መጀመሪያው ላይ ይመታል፣ ስኔሩን ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ያስቀምጣል። ሁለቱንም ከበሮ ባንድ ጊዜ ካስደለቅህ አድማጭ እግሩን የት እንደሚጥል ይጠፋዋል። ስለዚህ አንዱ ከበሮውን ይይዛል፣ ሌላው በጊታር ወይም በቤዝ ይገባል።

የአንተ ፈተና ጭክጭካው ነው። ጭክጭካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ በስድስት ይቆጠራል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ሲከፈት እያንዳንዱን ምት ለአራት ከፍሎ ይጠብቅሃል። እንዲሁ ኳንታይዝ ካደረግኸው፣ ማለትም ምቶቹን ወደ ግሪዱ (የሶፍትዌሩ የምት መስመሮች) ካስጠጋኸው፣ ከበሮውን ጎትቶ ቀጥ ያደርገውና ጭፈራው ይሞታል። ፍጥነቱን በደቂቃ 90 ምት አካባቢ አድርግና ግሪዱን ወደ ስምንተኛ ትሪፕሌት ቀይር፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ሲከፈል በአንድ ባር (አራት ምት) ውስጥ ሁለት ሙሉ የጭክጭካ ዙር ይገባልሃል። የሂፕ ሆፑ ስኔር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይቆይ። የኳንታይዝ ጥንካሬውን ከ60 በመቶ አታሳልፈው፤ የከበሮ መቺው እጅ መሰማት አለበት።

ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ከሜጀር ስኬል ሰባት ድምፆች አራተኛውና ሰባተኛው የሉትም። ከሥሩ በሰባተኛ ድምፅ የታጨቀ የፒያኖ ኮርድ (ባንድ ጊዜ የሚመቱ ድምፆች) ከደረደርህ ትዝታነቱ ይጠፋል፤ ቤዝና ሁለት ድምፅ ብቻ ይበቃሉ። ማሲንቆ ደግሞ ከሰው ድምፅ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይጋፋል። ራፕ ስታደርግ ከ1 እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለውን የማሲንቆ ድምፅ በ2 ወይም 3 ዴሲቤል ዝቅ አድርግ፤ አዝማች ላይ መልሰው።

የድሮ ሸክላ ቆርጠህ ለመጠቀም ካሰብህ ሁለት ፈቃድ ያስፈልግሃል፦ አንዱ ከቅጂው ባለቤት፣ ሌላው ከግጥምና ዜማው ባለቤት። ፉጂስ «ሬዲ ኦር ኖት» ላይ የአየርላንዳዊቷን ዘፋኝ የኤንያን ሥራ ሳያስፈቅዱ ተጠቅመው ነገሩ በስምምነት ያለቀው ዘግይቶ ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ጉዳይ ዘፈኑን ከየስትሪሚንግ መድረኩ ሊያስወርድበት ይችላል። የሕዝብ ዜማውን በራስህ ተጫዋች አስጫውተህ መቅዳት ርካሽም ንጹሕም ነው።

ከቀረጻው ክፍል ሳትወጡ የድርሻ ወረቀት ተፈራረሙ፦ ማን ግጥም፣ ማን ዜማ፣ ማን ቅንብር ሠራ፣ ለማን ስንት በመቶ፣ ድምሩ 100። በአሜሪካ ሕግ በጋራ የተደረሰ ሥራ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለው ድርሻው እኩል እንደሆነ ነው የሚታሰበው። አንድ መስመር የሰጠህ ጓደኛህ የጋራ ደራሲ ነው ከተባለ ግማሹን ሊጠይቅ ይችላል። «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» የሚለው ንግግር ገንዘብ ሲመጣ አይሠራም።

ምዝገባው አሰልቺ ቢሆንም አትዝለለው። ቢኤምአይ ወይም አስካፕ ዘፈንህ በአደባባይ ሲሰማ የሚከፈለውን የደራሲነት ክፍያህን፣ ኤምኤልሲ ከስትሪሚንግ የሚመጣውን የሜካኒካል ክፍያ (ዜማና ግጥሙ ሲባዛ ለደራሲው የሚከፈል)፣ ሳውንድኤክስቼንጅ ከዲጂታል ሬዲዮ የሚመጣውን ይሰበስባሉ። ዘፈኑን የሚያሰራጭልህ ድርጅት እነዚህን ሁሉ አይሰበስብልህም። ስፖቲፋይ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የቅጂ ክፍያ እንደማይከፍልም እወቅ፤ አሥር ዘፈን ባንድ ቀን ከመልቀቅ ሦስት ዘፈን አንድ በአንድ በየስድስት ሳምንቱ መልቀቅ ይሻልሃል። እያንዳንዱን ዘፈን ከአራት ሳምንት በፊት ጫንና ለስፖቲፋይ አዘጋጆች በጊዜ አስተዋውቀው፤ ከሰባት ቀን በታች ከቀረ ለተከታዮችህ እንኳ በወቅቱ ላይደርስ ይችላል።

አብሮህ የሚጫወት ሰው በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ ያለ ሥራ ፈቃድ ለመድረክ ገንዘብ መቀበል መኖሪያውን አደጋ ላይ ይጥልበታል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመስጠትህ በፊት ኮሌጁ ያለውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ወይም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።