ከፔኒሲሊን መርፌ በኋላ የመጣው መንቀጥቀጥ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በቅማል በሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት ታሞ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ፔኒሲሊን ከተወጋ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው አልጋው እስኪናወጥ ተንቀጠቀጠ፤ ትኩሳቱም ከቀድሞው ባሰ። አሁን ድኗል፤ እናታችን ግን «መርፌው መርዞት ነበር» ብላ ዳግመኛ እንዳይወጋ ትከለክላለች። ባለሙያው «የሳይቶካይን ነገር ነው» ብሎን ነበር። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ እንኳን ወንድምዎን እግዚአብሔር ማረልዎ። ከገለጹልን ሁኔታ እንደምንረዳው፣ ያንቀጠቀጠው መድኃኒቱ ሳይሆን የራሱ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ የከፈተው ዘመቻ ነው።

ሳይቶካይኖች የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ተህዋስ ሲገባ ይመነጫሉ፤ በእነርሱም ትእዛዝ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የሰውነት ሙቀትም ይጨምራል። በልኩ ሲሆን ይህ ሁሉ ለሕይወት አስፈላጊ ነው።

የግርሻ ሕመምተኛ ደም ግን በቦሬሊያ ባክቴሪያ የተሞላ በመሆኑ፣ ፔኒሲሊን ማጥቃት ሲጀምር ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ኢንተርሉኪን 8 የተባሉት ሳይቶካይኖች በአንድ ጊዜ በብዛት ወደ ደም ይለቀቃሉ። ሐኪሞች ይህን የያሪሽ–ሄርክስሃይመር ምላሽ ይሉታል። የቲኤንኤፍን ድርሻ በግልጽ ያሳየው ማስረጃ የተገኘው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከፔኒሲሊን አስቀድሞ ቲኤንኤፍን የሚያመክን አንቲቦዲ ከተሰጣቸው 20 ሕሙማን ምላሹ የታየው በ10ሩ ሲሆን፣ ካልተሰጣቸው 29 ሕሙማን ግን በ26ቱ ላይ ታይቷል።

ይኸው ቲኤንኤፍ ተህዋስ በሌለበት ሳያቋርጥ ሲመነጭ መገጣጠሚያን የሚያበላሽ ሥር የሰደደ ብግነት ያስከትላል፤ በዚህም ምክንያት ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ቲኤንኤፍን የሚገቱ መድኃኒቶች ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ይታዘዛሉ። ሆኖም በሰውነት ተደብቆ የተኛውን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አፍኖ የሚይዘውም ቲኤንኤፍ ስለሆነ፣ መድኃኒቱን ከመጀመር በፊት የነቀርሳ ምርመራ ግዴታ ነው።

እናትዎ መደንገጣቸው ተገቢ ነው፤ ምላሹ የደም ግፊትን እስከ ማውረድና ሕይወትን እስከ ማሳጣት ሊደርስ ስለሚችል፣ ታማሚው ከመርፌው በኋላ ለሰዓታት በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት። ፔኒሲሊን መከልከል ግን የሚያስፈልገው የአለርጂ ምልክት ከነበረ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ መርፌው እንደተወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን በሚያሳክክ ሽፍታ፣ በከንፈር እብጠት ወይም በትንፋሽ ማጠር ይገለጣል። ከእነዚህ አንዱ ታይቶ እንደነበር ያከመውን ባለሙያ ጠይቀው፣ መልሱን በሕክምና ካርዱ ላይ ያስጽፉ።