ጀልባችንን አረም ያዘብን ላልከው
ወንድሜ፣ በሪሞት የምትነዷትን የሸራ ጀልባ አረም እየያዘባችሁ «ሐይቁ ላይ መድኃኒት እንርጭ ወይ?» ብለሃል። እባክህ አትርጩ። በሙቀት ወቅት አረሙ በአንዴ ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው ያልቃል።

ጀልባዋ የምትሄድበትን ብቻ ጎትታችሁ አጽዱ፤ ዳር ዳሩን ለዓሣ ጫጩቶች ተዉላቸው። ቆርጣችሁ ግን ውሃው ውስጥ አትተዉት። ብዙው የውሃ አረም ከጣት ከማትረዝም ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ከሌላ ውሃ ስትመጡም የጀልባዋን ሆድና መሪ አጥባችሁ አድርቁ፤ አንዲት ቅጠል እዚያ ተጣብቃ ትመጣለች።

እምቦጭ ከሆነ ግን ምንም አታስቀሩ። ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። በ2 ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ያቺ ወይን ጠጅ አበባ ሳትፈነዳ ከነሥሩ ንቀሉና ከውሃው አርቃችሁ አድርቁት።