ሐፊዝ ዛሬም ለምን ይነበባል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እዚህ ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩ ኢራናውያን አንድ ነገር ከመወሰናቸው በፊት የሐፊዝን የግጥም መጽሐፍ ይገልጣሉ። ከ600 ዓመት በፊት የሞተ ባለቅኔ እስከ ዛሬ እንዲህ የሚወደደው ለምንድን ነው? ስለ ወይን ጠጅ ደጋግሞ የጻፈን ሰው እስላማዊ መንግሥትስ እንዴት ያከብረዋል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የሥራ ባልደረቦችዎ የሚያደርጉት በሐፊዝ ፋል ማየት የሚባለውን ነው። ያልዳ በሚባለው የክረምታቸው ረጅሙ ሌሊት ቤተሰቡ ሐብሐብና ሮማን ከብቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ምኞቱን በልቡ ሲይዝ የቤቱ ታላቅ መጽሐፉን እንዳጋጠመው ገልጦ የወጣውን ግጥም ጮክ ብሎ ያነብና ይፈታለታል። በትውልድ ከተማው በሺራዝም ስንኞቹ የታሸጉባቸውን ትንንሽ ፖስታዎች በመንቁሯ መዝዛ የምታወጣ ወፍ ይዘው ጎዳና ላይ የሚቆሙ ፋል ሻጮች አሉ።

ይህ ልማድ ግን የዝናው ውጤት እንጂ ምክንያቱ አይመስለንም። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ በመሆኑ ሐፊዝ የተባለውና በ1390 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈው ይህ ሰው የተወልን ጋዛል የሚባሉ 500 ገደማ አጫጭር የፍቅርና የናፍቆት ግጥሞች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ራሱን ችሎ ስለሚቆም ከግጥሙ ነጥሎ በቃል ለመያዝም ሆነ ለጨዋታ ለመጥቀስ ይመቻል። በዚያ ላይ ፋርስኛ በተውላጠ ስሞቹ ወንድና ሴትን ስለማይለይ፣ የሚናፈቀው ወዳጅ ቆንጆ ሴት ትሁን ንጉሥ ወይስ ፈጣሪ፣ ባለቅኔው ሳይናገር ያልፋል። በእኛ ቅኔ ወርቁ ሲገኝ አድማጭ ያርፋል፤ ሐፊዝ ግን አያሳርፍም፤ ያዘነውም የተደሰተውም የራሱን ጉዳይ የሚያገኝበት ለዚህ ነው።

ወደ ወይኑ ስንመጣ፣ ነገሩ ከዘመኑ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ሙባሪዝ አል-ዲን የተባለው ገዥ በ1353 ሺራዝን ይዞ መጠጥ ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ሐፊዝ የገበያና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ የሆነ ሹም እያስመሰለ በስንኝ ተሳለቀበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያንን ገዥ የገዛ ልጁ ሻህ ሹጃ ከዙፋን አውርዶ ዓይኑን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተነሡ አንባቢዎች፣ ሰው ፊት ጻድቅ መስሎ በስውር የሚበድለውን ሁሉ በሐፊዝ ስንኝ ሲወጉት ኖረዋል። ሱፊዎች፣ ማለትም በእስልምና ውስጥ የመንፈሳዊ ምሥጢር መንገድ ተከታዮች፣ በበኩላቸው ወይኑን የአምላክ ፍቅር፣ ስካሩን በዚያ ፍቅር ራስን መርሳት አድርገው ይተረጉሙታል። ሁለቱ ንባቦች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በእኛ ግምት አንዱን ብቻ መርጦ መያዝ ግጥሙን ያጎድለዋል።

መንግሥቱም የሚይዘው የሱፊዎቹን ንባብ ስለሆነ ለማክበር አልተቸገረም፤ በሻሁ ዘመን በ1930ዎቹ በስምንት ዓምዶች በተሠራው መቃብሩ ዘንድ በየዓመቱ በጥቅምት መባቻ አካባቢ መታሰቢያው ይከበራል። የአብዮቱ መሪ አያቶላህ ኾሜይኒ ራሳቸው ወይንና መጠጥ ቤት የሚጠቀሱባቸው ጋዛሎች በዚሁ ስልት ጽፈው ነበር፤ የታተሙት በ1989 ካረፉ በኋላ ነው።