ትናንት ያደረግክበትን የሚያስታውስ አውሮፕላን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «ሲሙሌተር ላይ ያሉት አውሮፕላኖች ሁሌም አንድ ዓይነት ሆኑብኝ፤ ብልሽት በዘፈቀደ እንዲመጣ ባደርግ እውነተኛነቱ ይጨምራል ወይስ ሌላ አውሮፕላን ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላኖች እጠግናለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ቤቴ ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያው ላይ፣ እቀመጣለሁ። ሁለቱንም ስለማውቃቸው መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

የዘፈቀደውን ብልሽት ለብዙ ወራት ሞክሬዋለሁ። ኤክስ-ፕሌን በተባለው ሲሙሌተር ላይ በአማካይ በስንት ሰዓት አንዴ ይበላሽ የሚል ቁጥር ትሰጠዋለህ፣ እሱ ዕጣ ይጥላል። ቁጥሩን ከፍ ስታደርገው ምንም አይመጣም፤ ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ተቀምጠህ ብልሽቱን መጠበቅ ትጀምራለህ። እኔን ያሰለቸኝ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። የዘይት ግፊቱ ደህና ቆይቶ በአንዴ ዜሮ ይገባል። ሥራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ሌላ ነው። ዘይት የሚያፈስ ሞተር መጀመሪያ ከሆዱ ስር ቅባት ያሳይሃል፤ መለኪያ ዘንጉን ስታወጣ ካለፈው ሳምንት ጎድሎ ታገኘዋለህ፤ አየር ላይ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ምልክቱ ነበረ፤ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

የካንዴላውን ነገር ልንገርህ። አንድ ሰው ሴስና 172 ይዞ መጣና «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ በድንገት ይንቀጠቀጣል» አለኝ። የ172ኤን መመሪያ ሞተሩ በደቂቃ 1,700 ዙር ሲሠራ ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚሰጡት ሁለት ማግኔቶዎች አንዱን ስታጠፋ ዙሩ ከ125 በላይ መውረድ የለበትም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 መብለጥ የለበትም ይላል። የእሱ በግራው ማግኔቶ ከ200 በላይ ወረደ፤ ኮክፒቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ጠየቅኩት። በዋዜማው ወረፋ ሲጠብቅ ሚክስቸሩን፣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን፣ እስከ መጨረሻው አወፍሮ ሞተሩን በሚኒሞ ረጅም ሰዓት አስነስቶ ቆሟል። የአውሮፕላን ቤንዚን ሊድ (እርሳስ) አለው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ በወፍራም ድብልቅ ሲሠራ ሊዱ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ዙሩን ከፍ አድርጌ ሚክስቸሩን አቀጠንኩት፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተቃጥሎ ጠራ፣ ስንፈትሸው ዙሩ በልኩ ወረደ። ለባለቤቱ ድንገተኛ የሆነበት ነገር ከትናንት የመጣ ነበር።

ስለዚህ እኔ የምፈልገው ትናንት ያደረግኩበትን የሚያስታውስ አውሮፕላን ነው። እስካሁን ካየኋቸው ወደዚህ በጣም የሚቀርበው ኤቱኤ የተባለው የሲሙሌተር አውሮፕላን ሠሪ ያወጣው ኮማንቺ 250 ነው። ዘይቱን ሳትሞላ ከተውከው በሚቀጥለው ቀንም ጎድሎ ታገኘዋለህ፤ ካንዴላው ይቆሽሻል፤ በሞተሩ ላይ የሠራኸው ግፍ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ገንዘብህን ለአንድ አውሮፕላን ብቻ የምታወጣ ከሆነ ለእሱ አውጣ።

ዕጣውን ሙሉ በሙሉ ጣለው ግን አልልህም። የጋይሮ መሣሪያዎችን በአየር የሚያዞረው ቫኪዩም ፓምፕ አለ። ደረቁ ዓይነት ውስጡ የካርቦን ምላሶች አሉት፤ እነሱ ሲሰበሩ አስቀድመው ብዙም አይናገሩም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው አስፈሪው፤ የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየው የአድማስ መለኪያ ወዲያው አይወድቅም፤ ጋይሮው ፍጥነቱ እየቀነሰ ቀስ ብሎ ያዘነብላል፣ ደመና ውስጥ ያለ አብራሪም እሱን አምኖ አብሮ ያዘነብላል። ይህን ብልሽት አንተ ራስህ አትምረጠው። ሌላ ሰው ሰዓቱን ሳይነግርህ ያስገባልህ። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ነው የምሰጠው። የመጀመሪያ ቀን ፓምፑ መሞቱን ያወቅኩት መታጠፊያ አመልካቹ፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ፣ ከአድማስ መለኪያው ጋር አልስማማ ሲለኝ ነው፤ እስከዚያ 30 ዲግሪ አዘንብያለሁ።

ምንም ሳትገዛ ዛሬ ማታ የምትሞክረው ደግሞ አለ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ውስጥ ሚክስቸርን በራሱ የሚያስተካክለውን እገዛ አጥፋው። ካርቡራተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ባለ ፒስተን አውሮፕላን ያዝና ቦሌ ላይ አራት ሰው ጫን፣ ሙቀቱን 25 ዲግሪ አድርገው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ላይ ነው፤ በዚህ ሙቀት አየሩ 10,600 ጫማ ገደማ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ እንደተማርከው ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው ገፍተህ ብትነሳ ሞተሩ በቤንዚን ይታነቃል። አቅጥነህም ብትነሳ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉ የለም። መንደርደሪያው ረጅም ስለሆነ ትነሳለህ፤ ከዚያ ግን አፍንጫህን ወደ እንጦጦ አድርግና ከፍታ መለኪያው ምን ያህል እንደሚዘገይ እየው።

ቀጥሎ ያንኑ በረራ በነሐሴ አየር ድገመው፤ 16 ዲግሪ፣ ዝናብ፣ ጉም። ለማረፍ ጋዝ ስትቀንስ ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ የሚሠራው እንዲህ ባለ ቀን ነው፤ ሰው ውጪው ዜሮ ካልሆነ በረዶ የለም ብሎ ያስባል። ዙሩ ሳትነካው ከወረደ የካርቡራተር ሙቀቱን፣ ትኩስ አየር የሚያስገባውን እጀታ፣ ሳብ። ዙሩ መጀመሪያ የባሰ ይወርዳል፣ ሞተሩም ያስላል፤ ደንግጠህ እንዳትመልሰው። በረዶው ቀልጦ ሲያልፍ ዙሩ ተመልሶ ይወጣል። አውሮፕላንህ ይህን ካላሳየህ በረዶው በሲሙሌተሩ ውስጥ አልተሠራለትም ይሆናል፤ ስሙንና ከመነሳትህ በፊት በማግኔቶ ፍተሻው ያየኸውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።