ኮምፒውተር በሌለበት ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ ማስተማር ይቻላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። ለ60 ተማሪ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 4 ብቻ እንደሆኑ፣ ልጆቹም የኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግን (ችግርን ከፋፍሎ ደረጃ በደረጃ የመፍታት አስተሳሰብን) ትርጉም ሸምድደው ፈተና ላይ እንደሚገለብጡት ጽፈሃል። ይቻላል። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ባይኖር ይሻላል የምልበት ቀን አለ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2006 በሰፊው ያስተዋወቀችው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁሯ ጃኔት ዊንግም ነገሩ የአስተሳሰብ እንጂ የኮድ መጻፍ ጉዳይ እንዳልሆነ ነው ያስረዳችው።

እኔ የምጀምረው በስም መጥሪያው ነው። በሀሁ ተራ የተጻፈ የ60 ተማሪ ዝርዝር። አንድ ስም በልቤ እይዝና "በስንት ጥያቄ ታገኙታላችሁ?" እላለሁ። መጀመሪያ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ክፍሉ ይንጫጫል። ከዚያ አንዷ "መሃል ካለው ስም በፊት ነው በኋላ?" ትላለች። በየጥያቄው ግማሹ ይወድቃል። ቢበዛ በ6 ጥያቄ ያልቃል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። "ተማሪው 120 ቢሆንስ?" በላቸው። 12 የሚል አይጠፋም። መልሱ 7 ነው፤ ለምን አንድ ብቻ እንደጨመረ ራሳቸው ያስረዱ። ቀጥለህ ስሞቹን ደበላልቃቸው። ዘዴው አሁንም ይሠራል? እዚህ ላይ ዝም በል፣ መልሱን እንዳትነግራቸው (እኔን በጣም የሚከብደኝ ይሄ ነው)።

ፈተናውንም ቀይረው። "አልጎሪዝም ምንድን ነው?" (ሥራን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀምጥ መመሪያ ማለት ነው) ካልክ የሸመደደው ያልፋል። ይልቅ ሻዩ ከተቀዳ በኋላ ቅጠል የሚጨመርበት የሻይ አፈላል ስጣቸው፤ ስህተቱን ፈልገው ያስተካክሉ።

በ4ቱ ኮምፒውተሮች ላይ ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበትን ስክራችን ጫን። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛም አለው።